ዳማ የማትጮኽባቸው ሰዎች

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታላቄና ለመከታዬ ለእትዬ ወለላ።

እንደምን ከርመሻል፣ እህቴ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ውኃ ቀድተሽ ስትመለሺ ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትቀመጪው? ባለቤትሽ ባዘዘው እንዴት ነው? በሬው ከታመመበት ወዲህ እርሻውን በምን ያዘው? ልጃችሁ በየነች ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እማዬስ? ጉልበቷ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል ወይ? በጾሙ እህል ትቀምሳለች ወይስ እንደ ልማዷ ቆሎ በመቀነቷ ቋጥራ በላሁ እያለች ታታልላችኋለች? መልሱ እስኪመጣልኝ ክረምቱ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ ሳልጠይቅ እጄ ወደ ሌላው ወሬ አይሄድልኝም።

እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። በአካሌ ያልኩበትን ምክንያት ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። እዚህ ዝናቡ ጀምሯል፤ ይህ አገር ደግሞ ዝናብ አቆመ ቢሉሽ አትመኚ። ቡናው አብቦ ካምፑን በሙሉ አውዶታል። ሥራዬ ያው የቡና ለቃሚዎች ወጥ ቤት ነው፤ ለቃሚዎቹ ስለሌሉ አሁን የምናበስለው ለቋሚ ሠራተኞች ብቻ ነው፤ እጄም ትንሽ አረፍ ብሏል። ልቤ ግን አላረፈም።

በገዛ እጅሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም። አንዳንዱ ፊደል እግሩ ወደ ሰማይ ቢሆንም አንዱንም ሳልዘል ደጋግሜ አነበብኩት። መሠረተ ትምህርት ለሌላው ምን እንዳደረገ አላውቅም፣ ለእኔ ግን እህቴን ሰጠኝ። እስከ ዛሬ የምጽፍልሽን ሁሉ የቄሱ ልጅ ጮክ ብሎ ለሰፈሩ ስለሚያነበው ደኅና ነኝ፣ ደኅና ሁኑ ከማለት አላልፍም ነበር። አሁን ብቻሽን የምታነቢ ከሆንሽ ብቻሽን የምታነቢው ነገር አለኝ። ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም። የካምፓችን ግምጃ ቤት ጠባቂ የአገራችን ሰው ጋሼ ወልደጻድቅ ለፋሲካ ወደ ሞጣ ሲመጣ በኮቱ የውስጥ ኪስ ያመጣልሻል። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው፣ ለፋሲካ ለምን አትመጪም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጋሼ ወልደጻድቅ በየካቲት ለወንድሙ ተዝካር መጥቶ ሳለ ያወራውን ሰምተሽ፣ እውነት ነው ወይ ውሻ እያስከተልሽ በሰው ደጃፍ የምትለምኚው፣ ምን ጎደለሽ የሚል ነው። እውነት ነው እትዬ። ለራሴ ጎድሎብኝ አይደለም፤ የለመንኩት ለውሾቹ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎችሽ መልሳቸው አንድ ስለሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

እዚህ ቡና ለመልቀም በየዓመቱ ከከምባታም ከወላይታም ሰው ይመጣል። መስከረም ላይ ይገባሉ፣ ጥር ላይ ይመለሳሉ። በመሀል ቤት ይናፍቃቸዋል መሰለኝ ከየመንደሩ ቡችላ እያመጡ ያሳድጋሉ። ማታ ማታ ከሥራ ሲገቡ የሚቀበላቸው ነገር ይፈልጋሉ። በአገራቸው ቋንቋ ስም ያወጡላቸዋል፣ ከቂጣቸው ቆርሰው ያጎርሷቸዋል፣ እኔም እስቃለሁ። ጥር ሲመጣ ኤንትሬው መኪና ይቆማል፣ ሰው ከነጓዙ እንደ ማገዶ ይጫንበታል፣ ለውሻ ቦታ የለም። መኪናው ሲነሳ ውሾቹ ሁሉ እስከ ድልድዩ ይከተላሉ። ከዚያ ምላሳቸውን አውጥተው ይመለሱና መኪናው ቆሞ በነበረበት ቦታ ይቀመጣሉ። በሚቀጥለው ቀንም እዚያው ናቸው። የወጥ ቤቴ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ድስት ባጠብኩ ቁጥር አያቸዋለሁ።

የሸኮና የሸዋ ቤንች ገበሬዎች በቆሏቸውን ዝንጀሮና ከርከሮ ስለሚፈጅባቸው ውሻ ይፈልጋሉ። መጥተው ደረተ ሰፊውን፣ ጥቁሩን፣ ወንዱን መርጠው ወሰዱ። ሴቶቹን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም፤ ትወልድብናለች ነው የሚሉት። አባታችን ሴት ቡችላ ሲወለድ በጆንያ አድርጎ ወደ ገደሉ ይዞ ሲሄድ እኔና አንቺ ማድጋው ጀርባ ተደብቀን ጆሯችንን እንይዝ እንደነበር ትዝ ይልሻል? እኔ ያን ጊዜ የያዝኩት ጆሮ አሁንም አልለቀቀኝም። በመጨረሻ ሦስት ቀሩ። አንዱ ወንድ ቢሆንም በወጥመድ አንድ እግሩን ያጣ ነው፤ ለቃሚዎቹ ያወጡለትን ስም አልጽፍልሽም፣ የወታደር ማዕረግ ስለሆነ ሰው ፊት ስጠራው እፈራ ነበር። ሁለተኛዋ ዳማ ናት፣ እንደ ስሟ ቀላ ያለች፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ሰው የሚመስል። ሦስተኛዋ ጉዴ ናት። የጉዴን ነገር ቆየት ብዬ አወራሻለሁ።

በየካቲት አማን ገበያ ላይ ያበደ ውሻ አንድ ሽማግሌ ነከሰ። ቀበሌው ወዲያው መመሪያ አወጣ። ባለቤት ያለው ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለት፣ ቀይ ጨርቅ የሌለው በመርዝ ይወገዳል ተባለ። እንግዲህ ቀይ የሌለው ውሻ ሁሉ ፀረ አብዮት ሆኖ አረፈው። ይህን ጊዜ ነው እኔ ሥራዬን ሁሉ ትቼ ገመድ ይዤ የወጣሁት።

ልመና ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፣ እትዬ። በር አንኳኩቼ፣ እንደምን ዋላችሁ ብዬ፣ ሦስት እግር ያለው ውሻ አሳይቼ፣ ይህን ውሰዱልኝ እላለሁ። አንዷ ሴትዮ ራስሽን የሚወስድ ባል ብትፈልጊ አይሻልሽም ወይ አለችኝ። ሌላው ሰውዬ፣ ሰው የሚበላው አጥቶ አንቺ ለውሻ ቤት ታፈላልጊያለሽ፣ አታፍሪም? አለኝ። አፍራለሁ አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ፊቴ እሳት እንደ ሞቀ ሰው እየጋለ ነበር የምዞረው። ባፍርም ግን በሚቀጥለው በር ቆሜ እገኛለሁ።

ሸቀጥ ነጋዴው አሕመዲን ባለሦስት እግሩን ወሰደልኝ። ባለቤቱ ዘይቱና ውሻ ወደ ቤቷ እንደማይገባ፣ ሳህኑም ለብቻው እንደሚሆን፣ ለመጋዘኑ ዘብ ከሆነ ግን ምግቡን እንደማትከለክለው ነገረችኝ። ያንኑ ቀን በመጋዘኑ ጥግ ጆንያ ዘርግታለት አየሁ። ዳማን የወሰዱት ደግሞ ጴጥሮስና ዓለምሸት ናቸው። እነዚህን ሰዎች በደንብ ልታውቂያቸው ይገባል፤ ነገሬ ሁሉ እነሱ ናቸው።

ጴጥሮስ የአማን ልብስ ሰፊ ነው፣ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ሚስቱ ዓለምሸት የጓሯቸውን ቡናና ጎደሬ ትይዛለች። ቀይ ጨርቅ ከየት አመጣለሁ ብዬ የሄድኩት ወደ እሱ ነው። ለአብዮት በዓል ከሰፋው ባንዲራ የተረፈ ቁራጭ ነበረውና ለሦስቱም ውሾች ቀዶ፣ ጠርዙን በመኪና ዘምዝሞ ሰጠኝ። ውሻ ቢሆንም ክሩ አይተርተርበት አለ። ከዚያ ዓለምሸት ብቅ ብላ ዳማን አየቻት፣ ዳማም አየቻት፣ ሄዳ እግሯ ሥር ተኛች። ይህችስ ቤቷን አገኘች አለች ዓለምሸት። ስለ ውሻ ለምኜ ሳልጨርስ እሺ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

እነሱ አማኞች ናቸው፣ ሰው ጴንጤ የሚላቸው። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ዓመታት ሆኖታል፤ ቁልፉ ቀበሌ ነው ያለው። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በጴጥሮስ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ፤ የስፌት መኪናው ደግሞ ጨርቅ ሳይኖርበት ይሽከረከራል። ሰፈሩ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እኔ የእነሱ እምነት ተከታይ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ፣ ማርያምን አልለቅም። ዳማ እንዴት እንደሆነች ላይ ስሄድ ግን አየኋቸው። ዳማ ከበሩ ሥር ተጋድማ ለሚገባው ሁሉ ጅራቷን መሬት ላይ መታ መታ ታደርጋለች። ከሸዋ ቤንች በእግሩ የመጣውንም፣ ከሸኮ የመጣችውንም ሴት በጠረናቸው አውቃቸዋለች፤ አንዱንም አትጮኽበትም። የማታውቀው ሰው በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ ግን ድምፅዋ ድልድዩ ድረስ ይሰማል። የእኔ ውሻ ብዬ ኮራሁ። ያ ኩራት ነው ጉድ የሠራኝ።

በመጋቢት ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የማይመጣ ይቀጣል፣ ስለዚህ ሁሉም ነበር፤ ዓለምሸትም ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። ሊቀ መንበሩ ተነስቶ፣ ከለቃሚ ካምፕ የወጡ ውሾች ጨርቅ ቢታሰርላቸውም ከየት እንደ መጡ ስለማይታወቅ አብረው ይወገዱ የሚል ሐሳብ አቀረበ። እጄን አወጣሁ። ስለ ውሾቹ ልናገር ነው ስል አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ እኔ ግን ተናገርኩ። የአሕመዲን ባለሦስት እግር የመጋዘን ሌባ እንዴት እንዳባረረ ነገርኳቸው። ሳቁ ቀነሰ። እንዴት እንደሚጠብቁ፣ ሰው ጥሏቸው ሲሄድ እንዴት መኪናው የቆመበት ቦታ ላይ እንደሚቀመጡ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። እትዬ፣ በሕይወቴ ሰው ዝም ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም። ደስ አለኝ።

ሊቀ መንበሩ አቋረጠኝ። የካምፕ ውሻ ያገኘውን ይነክሳል እንጂ ወዳጅና ጠላት አይለይም አለ። እኔ ደግሞ ትለያለች አልኩ፣ ዳማ ትለያለች፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ እዩ፤ በጴጥሮስ ደጅ ያን ያህል ሰው ከሸዋ ቤንችም ከሸኮም እየመጣ ሲገባ አንዱን አትጮኽበትም፣ ባዕድ ሲያልፍ ግን ሰፈር ታስነሳለች አልኩ። እንዲህ ብዬ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ።

ዓለምሸት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሊቀ መንበሩ ቢቆጣ ምን ነበር፤ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ፣ እንዲያው ረቡዕ ረቡዕ ምን አለ እዚያ ቤት? ብሎ ጠየቀኝ። ልብስ ሊያሰፉ ነዋ አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ ሁሉም ረቡዕ ነው የሚቀደድባቸው? አለና ሰው ሳቀ። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ቀይ ጨርቅ ያላቸው ውሾች በሙሉ እንዲተርፉ ተወሰነ። አጨበጨቡልኝ። ስወጣ እጄን የጨበጡኝ ሰዎች ነበሩ፤ አፍሽ ይባረክ ያለኝም አለ።

ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ጴጥሮስ ቤት ሮጥኩ። ዓለምሸት ቀድማኝ ደርሳ ነግራዋለች። መሬት ላይ ወድቄ እግሩን ልይዝ ስል አነሳኝና፣ እንግዲህ ሰው እንዳይመጣ እንንገር እንጂ አሁን ለቅሶ ምን ያደርጋል አለ። ለቅርቦቹ ነገሩ። ከሩቅ የሚመጡት ግን ወንዝ ማዶ ናቸው፣ ቃሉ ሳይደርሳቸው ረቡዕ ደረሰ። መጡ። የአብዮት ጥበቃዎቹም መጡ። ዳማ ገና ከመታጠፊያው ስታያቸው ስለጮኸች አብዛኛው ሰው በጓሮ በቡናው ውስጥ አምልጧል ይላሉ። ጴጥሮስና ሁለት አረጋውያን ግን ሰው ሁሉ አምልጦ እስኪያልቅ እያሳለፍን እንቆማለን ብለው ቀሩ፤ ተያዙ። ይህን የነገረኝ ጋሼ ወልደጻድቅ ነው። እኔ ያን ሰዓት ጎመን እከትፍ ነበር። ውሾቼ ተርፈው ሰዎቹ ታሰሩ፤ ሁለቱም የሆነው በአንድ አፌ ነው።

ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ማለፍ አቃተኝ። ገበያ ስሄድ ዞሬ በጭቃው እሄዳለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ የሰማብኝ ይመስለኛል፣ ሳይለኝ ሲቀር ደግሞ ሰምቶብኛል እላለሁ። አንዳንዱ አውቃ ነው የጠቆመችው ይላል፤ ይህ ያንገበግበኛል። ነገር ግን ባላውቅም ያው ነው፤ የታሰረ ሰው ማወቄንና አለማወቄን አይበላውም።

አንድ ቀን በሶ ቋጥሬ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ስንቅ ያመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። ተራዬ ሲደርስ ዘቡ ለማን ነው አለኝ፤ ለጴጥሮስ አልኩ። ከዘመድ በቀር ስንቅ አንቀበልም፣ ምኑ ነሽ? አለ። አፌ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳልተናገረ ያን ጊዜ ደረቀ። ምኑ ነኝ ልበል? ዘቡ ከሰልፉ ሊያስወጣኝ እጁን ሲያነሳ ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ እህቱ ናት አለች። ዞር ስል ዓለምሸት ናት። ከሰልፉ ውስጥ እንዳለች አላየኋትም ነበር። ዘቡ በሶዬን ተቀበለ። ከዚያ እኔና ዓለምሸት እስከ ድልድዩ ጎን ለጎን ሄድን። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የጉዴን ልንገርሽ። ጉዴ ቢጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ጎኗ የሚቆጠር። ሥራዋ መጮኽ ነው። በሚያልፈው ትጮኻለች፣ በሚመጣው ትጮኻለች፣ በሚያበላት ትጮኻለች፣ ጭልፋ ሳነሳ በጭልፋው ትጮኻለች። ሦስት ቤት ሰጥቻት ሦስቱም መልሰውልኛል። አንደኛው ገበሬ ከእርሻ ሲመለስ በገዛ ደጁ አላስገባ ብላው በአጥር ዘሎ ገባ። ስለዚህ ቀይ ጨርቋን አስሬ፣ ባለቤቷ እኔ ነኝ ብዬ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አስቀመጥኳት። ካምፕ ውስጥ ውሻ ማሳደር ግን ክልክል ነው። የጥበቃ አለቃችን ታግሶ ታግሶ፣ ለፋሲካ እዚህ እንዳላያት፣ ካየኋት መርዙ ያው እኔ ዘንድ ነው አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገመዴን ይዤ እወጣ ነበር። አሁን በየትኛው ፊቴ በር ላንኳኳ? ባንኳኳስ ይህችን ምን ብዬ ላመስግናት? ስለ ውሻ የተናገርኩት ሰው ካሳሰረ ወዲህ ስለ ጉዴ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ውሻዋ በእኔ እፍረት ልትሞት ነበር።

ሳምንት ሰኞ ድስት ሳጥብ ጉዴ እንደ ልማዷ ጮኸች። ማንም ይሆናል ብዬ ቀና አላልኩም። ስትቀጥል ቀና ብል በወጥ ቤቱ ጀርባ ጴጥሮስ ቆሟል። ፀጉሩን ላጭተውታል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ከእስር ከወጣ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። እጄን ከነ ሳሙናው ይዤ ቆምኩ። ይቅር በለኝ ለማለት ስንት ጊዜ ስዘጋጅ ከርሜ፣ የወጣኝ ተፈታህ? የሚል ብቻ ነው። ተፈታሁ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም አብረውት መውጣታቸውን ነገረኝ። ከዚያ ወደ ጉዴ እያየ፣ ይህችን ማንም አልወሰዳትም ወይ? አለኝ። አልወሰዳትም፣ በሁሉም ትጮኻለች አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩ፤ ጎበዝ ናት አላልኩ፣ ታማኝ ናት አላልኩ።

እሱ ሳቅ አለ። ለኛ ስጪን አለ። ዳማ ጥሩ ናት፣ ግን አንዴ ያወቀችውን ሁሉ ታስገባለች፤ ለኛ ቤት አሁን የሚያስፈልገን ማንንም የማታምን ናት አለ። በክፋት አይደለም የተናገረው፣ እትዬ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ዓለምሸት ራስሽ ይዘሻት ነይ ብላለች፣ ለፋሲካም እኛ ጋር ነሽ ብላለች ብሎኝ ሄደ። ጉዴ እስኪሰወር ድረስ ጮኸችበት።

ቅዳሜ ወሰድኳት። ያን መንገድ ከመጋቢት ወዲህ ስረግጠው የመጀመሪያዬ ነው። ጉዴ በየደጁ እየጮኸች ስለምትሄድ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየኝ፤ ተደብቄ መሄድ እንኳ አልቻልኩም። ከበሩ ስንደርስ በቤቱ ጮኸች፣ በስፌት መኪናው ድምፅ ጮኸች፣ ገመዷን የተቀበለችኝን ዓለምሸትን ጮኸችባት፣ ከዚያ ዞራ ይህን ሁሉ ቀን ያበላኋትን እኔን ጮኸችብኝ። እሰይ አልኩ በልቤ፣ እንዲህ ያለ አቀባበል ይገባኛል። ይህን እያሰብኩ ሳለ ዳማ ከበሩ ሥር ቀና ብላ አየችኝ። አልተነሳችም። ጅራቷን መሬት ላይ መታ መታ አደረገች፤ ከሸዋ ቤንች በእግሩ ለሚመጣው፣ ከሸኮ ለምትመጣው ሴት እንደምታደርገው ነው። ያቺ ውሻ እስከ ዛሬ ከቤቱ ሰዎች ትቆጥረኛለች። ዓለምሸት ግቢ አለችኝ። ድስት ጥጃለሁ ብዬ ውሸቴን ተመለስኩ።

እንግዲህ ለፋሲካ የማልመጣው ለዚህ ነው። መምጣት ፈልጌ ነበር፤ እዚያ ብሆን ያደረግሁትን ማንም አያውቅም፣ እማዬ ትስመኛለች፣ ዶሮውን እገነጥላለሁ፣ ይረሳልኛል ብዬ ነበር። ግን ከዚህ ሸሽቼ የምበላው ፋሲካ አይወርድልኝም። በዕለቱ እዚያ በር ድረስ እሄዳለሁ። እገባ እንደሆነ አላውቅም። ጉዴ ጮኻ ብትመልሰኝ ይቀለኛል፤ የሚያስቸግረኝ የዳማ ጅራት ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ፣ ልመናውን ለምጄዋለሁና። ውሻችሁ እንደ ከበደች ጽፈሽልኛል። ሴት ቡችላ ከወለደች ባዘዘው ወደ ገደሉ እንዳይወስዳት። የማትፈልጓት ከሆነ ገመድ አስሪላትና ቤት ለቤት ዞረሽ ለምኚላት። ይስቁብሻል፣ ፊትሽ ይግላል፣ ይሄ አያሳፍርም፤ እኔ ያፈርኩት በዚህ አይደለም። ብቻ ስታመሰግኛት ውሻዋን ብቻ አመስግኚ። የምትጠብቀውን ደጅ፣ የገባውን ሰው፣ የቀኑን ስም አታንሺ።

ለባዘዘው እግዜር በሬውን ያድንለት በይልኝ፣ ስለ ቡችላዋም ቃሉን እንደምጠብቅ ንገሪው። ለበየነች የላክሁላት ቀይ የፀጉር ጨርቅ ከደብዳቤው ጋር አለ፤ ጴጥሮስ የዘመዘመው ነው፣ ከየት እንደ ተረፈ አትጠይቁ። ለአክስቴ ልጆች፣ ለጎረቤቶቻችን፣ በእኔ ስም ለሚጠይቁ ሁሉ ደኅና ናት በይ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ማታ አንብቢልኝ ካለችሽ እስከ ዳማ ቤት ማግኘት ድረስ አንብቢላት፣ ደስ ይላታል። ከዚያ በታች ያለውን ደብዳቤው እዚህ አለቀ በያት።

ታናሽ እህትሽ እታገኝ

አማን፣ ከፋ ክፍለ ሀገር
ሚያዝያ 17 ቀን 1975 ዓ.ም.